የጎንደር ፍርስራሾች በፎቶግራፍ

የጎንደር አብያተ መንግሥት ፍርስራሾች በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋው ከፍታ ላይ፣ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ተከበው ይገኛሉ። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ራስ ግንብና በቁስቋም ኮረብታ ላይ የሚታየው የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ቅሪት አሉ። ካሜራ በእነዚህ ሕንጻዎች ፊት መቆም ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግንቦቹ በቦምብ ተመትተዋል፣ ተጠግነዋል፣ እንደገናም አርጅተዋል። ይህን ሁሉ ለውጥ ከጽሑፍ ይልቅ አጥርቶ የያዘው ፎቶግራፍ ነው። ይሁን እንጂ የጎንደር ፎቶግራፍ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የአላፊ መንገደኛ ታሪክ ሆኖ ቆይቷል፤ የከተማዋ ልጆች ካሜራ ይዘው ወደ ግንባቸው የዞሩት ዘግይተው ነው፤ ሥራቸውም እስካሁን በሚገባው መጠን አልተሰበሰበም።

አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት በአብዛኛው ከአንዱ የድንኳን ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይገዙ ነበር። ግንብ መሥራት ግን በጎንደር አልተጀመረም። አፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን፣ አፄ ሱስንዮስም በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በሱስንዮስ ዘመን የኖራ አጠቃቀም መታወቁ የግንበኞችን ሥራ በእጅጉ ለወጠው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በኖራ እየተያያዘ ወደ ላይ መውጣት ቻለ፤ ለመስኮቱና ለበሩ ቅስት ደግሞ ለመጥረብ የሚመቸው ቀላ ያለ ድንጋይ ተመረጠ። በአራት ማዕዘኖቹ በጉልላት የተዘጉ ክብ ማማዎችን ያቆመው የፋሲል ግንብ የዚህ ጥበብ ፍሬ ነው። ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል በዙሪያው ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ከፋሲል በኋላ የነገሡት የአባታቸውን ቤት ወርሰው ከመቀመጥ ይልቅ የየራሳቸውን አጠገቡ ሠሩ። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ በመጨረሻም እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ሆነው ግቢውን ሞሉት። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ የቆመ ሰው በአንድ እይታ የመቶ ዓመት ያህል የግንባታ ታሪክ ያያል። በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ የአያት ማማ፣ የልጅ ቤተ መጻሕፍትና የልጅ ልጅ አዳራሽ አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ፎቶ አንሺው አንዱን ከሌላው ለይቶ ካላወቀ ግን ሥዕሉ የተደበላለቀ የድንጋይ ክምር ይሆንበታል።

ግንቦቹ ፍርስራሽ የሆኑት በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅም አይደለም። በ1696 ዓ.ም. ገደማ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ በኢያሱ ቤተ መንግሥት ላይ ጉዳት አደረሰ። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ ስማቸው እንጂ ሥልጣናቸው ስላልነበረ ጠጋኝ ጠፋ፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደፍነው፣ ምሰሶው ሲዘም የሚደግፈው አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ የአድባራቷን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍትም ወሰዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. በአቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሽ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባና አብያተ ክርስቲያኑን በእሳት አጋየ። በአርባ አራት ታቦቷ የምትታወቀው ከተማ ከዚህ እሳት ያዳነቻቸው አድባራት ጥቂት ናቸው፤ በጣሪያዋ መላእክት የተሣሉባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእነዚህ አንዷ ናት። በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን ጦር ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጉ ባደረገበት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት። ጣሊያኖች እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለፎቶ አንሺ ከንቱ እውቀት አይደለም። በእሳት የጠፋ ጣሪያ፣ በቦምብ የተቦደሰ ግድግዳና በዛፍ ሥር የተሰነጠቀ ቅጥር መልካቸው ይለያያል። የትኛው ጉዳት ከየትኛው ዘመን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ካሜራውን የሚያቆምበትን ቦታ ያውቃል።

ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ጎንደርን በሥዕል ለዓለም ለማሳየት የሞከሩ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ሠዓሊ አድርጎ ይዞ ነበር። ባሉጋኒ በዓመቱ እዚያው ጎንደር ላይ ሞተ፤ ከእጁ የወጡት ሥዕሎች በአብዛኛው የዕፀዋት ናቸው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1825 ዓ.ም. ገደማ በከተማዋ ተቀምጦ የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል፤ የጉዞ መጽሐፉም ከሥዕል መድበል ጋር ታትሟል። የዚያ ዘመን ሥዕል ትልቁ ችግር መንገደኛው በወረቀት የነደፈውን አውሮፓ ያለ ሌላ እጅ ለኅትመት እንደገና መቅረጹ ነበር። ቀራጩ ያላየውን ማማ ያቀናል፣ ያልነበረ ዛፍ ይተክላል፣ የተሰበረውንም ይሞላል። ስለዚህ እነዚህ ሥዕሎች ስለ አንድ ግድግዳ ትክክለኛ ሁኔታ ምስክር ሆነው ሲቀርቡ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ በግልጽ በታወቀ መንገድ የገባበት አንዱ አጋጣሚ የ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ከባሕር ጠረፍ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ ያለውን አገርና ሰው አንሥተዋል። ጎንደር ግን ከመንገዳቸው ውጭ ነበረች። ከጎንደር አድባራት ተወስደው መቅደላ ላይ የተከማቹት መጻሕፍት በዚያው ዘመቻ ተማርከው ወደ ለንደን ሲጓዙ፣ የተወሰዱባት ከተማ ገና አንድ ሰፊ የፎቶግራፍ መዝገብ አልነበራትም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደርቡሽ ያቃጠላቸው አብያተ ክርስቲያናት ከቃጠሎው በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር በፎቶግራፍ ለማየት አለመቻሉ ለጎንደር ታሪክ ከባድ ጉድለት ነው።

ጎንደርን በካሜራ ካነሡት ቀደምት መንገደኞች አንዱ እንግሊዛዊው አዳኝ ፐርሲ ፓወል ኮተን ነው። በ1892 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣና በኩል ወደ ስሜንና ወደ ምፅዋ ሲጓዝ በጎንደር አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የታተመው የጉዞ መጽሐፉም ባነሣቸው ፎቶግራፎች የተሞላ ነው። በዚያ ጊዜ ከደርቡሽ እሳት 12 ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ሥራ ዛሬ ለማሰብ እንኳ ይከብዳል። የመስታወት ሰሌዳዎች በሣጥን ተጠቅልለው በበቅሎ ይጫናሉ። አንዲት በቅሎ ገደል ላይ ብትደናቀፍ የሳምንታት ድካም ይሰባበራል። ካሜራው በሦስት እግር ላይ ካልቆመ ጥርት ያለ ምስል አይገኝም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ታስቦበት ይነሣ ነበር። ከዚህ የተነሣ በዚያ ዘመን ከጎንደር የተገኙት ምስሎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ብዙዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ፣ ድንጋይ በድንጋይ ሊነበቡ የሚችሉ ናቸው።

ከእሱ በኋላ የመጡት ሌላ መሣሪያ ይዘው መጡ። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሮዚታ ፎርብስ እ.ኤ.አ. በ1925 ሰሜኑን ስታቋርጥ የተንቀሳቃሽ ፊልም አንሺ አስከትላ ነበር። ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ የጣናንና የዓባይን ዙሪያ ደጋግሞ በመዞር ካርታ ሠርቷል፣ ፎቶ አንሥቷል። ቺዝማን ከሌሎቹ የሚለየው ተቀምጦ በመሥራቱ ነው። መንገደኛው በቀን ተቀን ጉዞው መካከል ያገኘውን ብርሃን ይወስዳል፤ ዝናብ ከሆነ በዝናብ፣ እኩለ ቀን ከሆነ በእኩለ ቀን ያነሣል። በአገሩ የሚኖር ሰው ግን ተመልሶ መምጣት ይችላል። ይህ ልዩነት በፎቶግራፉ ዋጋ ላይ ከካሜራው ዓይነት የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ካሜራ ይዘው ከውጭ ከመጡት መካከል በጎንደር ለወራት የቆየው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ ነው። ቡድኑ ከሐምሌ 1924 እስከ ኅዳር 1925 ዓ.ም. በከተማዋ ሰፍሮ ስለ ዛርና ስለ አድባራት ጥናት ሲያካሂድ ብዙ ፎቶግራፎች አንሥቷል። ይኸው ቡድን በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች አስነቅሎ፣ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ ያዘጋጃቸውን ቅጂዎች አስለጥፎ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ሥዕሎቹ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። መዝገብ ማበጀትና ቅርስን ከቦታው ማንሣት በአንድ ቡድን እጅ፣ በአንድ ክረምት መከናወኑ ጎንደሬን የሚያሳዝን ታሪክ ነው። ፎቶግራፉ ቅርሱን በቦታው ሊያቆየው ይችል ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ከቦታው ለመነቀሉ ምስክር ከመሆን አላለፈም።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደርን ያዘ። ስታራቼ ስለዚሁ ጉዞው በዚያው ዓመት በፎቶግራፍ የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። በወራሪው ካሜራ ግንቦቹ የድል ዳራ ሆኑ፤ ሰንደቅ የተሰቀለበት ማማ፣ ወታደር የቆመበት ደረጃ፣ መኪና የተሰለፈበት ግቢ ለፕሮፓጋንዳ ይሠራጭ ነበር። ሆኖም በዚያው ዘመን ለታሪክ የሚጠቅም ሥራም ተሠርቷል። አሌሳንድሮ አውጉስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ ግንቦቹን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጎንደር ግንቦች በጣሊያንኛ መጽሐፍ አወጣ። በጆቶ ዳይኔሊ የተመራው የጣና ሐይቅ የጥናት ቡድንም አካባቢውን በፎቶግራፍ መዝግቧል። ከተማዋን በአዲስ ፕላን የነደፈው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዝዮ ነበር፤ ዛሬ ፒያሳ የሚባለው ሰፈር፣ ሲኒማ ቤቱና ፖስታ ቤቱ የዚያ ዘመን ናቸው። ጣሊያኖች ግንቦቹን ሲጠግኑ ግን ስሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጠቀሙ። እንዲህ ያለው ጥገና ከኖራው ጋር የማይስማማ በመሆኑ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ወደ ኖራው መመለስ አስፈልጓል። የድሮው ድንጋይ የት ላይ አብቅቶ የጠጋኙ እጅ የት ላይ እንደጀመረ ለመለየት ከጥገናው በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ምትክ የላቸውም።

ፎቶግራፍ ስንት ዋጋ እንዳለው በሁለት ፍርስራሾች ይታያል። አንዱ ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ በጣና ዳር በጎርጎራ የሚገኘው ማርያም ግንብ ነው። ይህ በሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በአበባ ቅርጽ የተጠረበ የቅስት ጣሪያና ያጌጠ ግድግዳ ነበረው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተነሡት ፎቶግራፎች ከዛሬው እጅግ የበዛ ክፍሉን ቆሞ ያሳያሉ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ተደርምሷል። በቪክቶር ፈርናንዴዝ የተመራው የስፔን የቁፋሮ ቡድን በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ ባካሄደው ጥናት የቀድሞውን መልክ ለመረዳት የድሮ ፎቶግራፎች ረድተውታል። ሁለተኛው በአክሱም የነበረው የታእካ ማርያም ቤተ መንግሥት ነው። በእኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን በ1898 ዓ.ም. ቁፋሮ አድርጎ ፕላኑን ነደፈ፤ የቡድኑ አርክቴክት ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ደግሞ ፎቶ በማንሣት የተካነ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጣሊያን መንገድ ፍርስራሹን አቋርጦ ሲሠራ አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ታእካ ማርያምን ማጥናት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1913 የታተሙትን እነዚያን ፕላኖችና ምስሎች ነው።

ከነጻነት በኋላ ካሜራው ቀስ በቀስ ወደ ጎንደሬው እጅ ገባ። በከተማዋ ፎቶ ቤቶች ተከፈቱ፤ ለመታወቂያ፣ ለጋብቻ፣ ለክርስትና የሚነሣ ሰው በዛ። የፎቶ ቤት ሰዎች ግንቡን ለብቻው ለማንሣት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለራሱ ምስል ነው። ስለዚህ ግንቡ የገባው ከሰው ኋላ ነው። ሙሽሮች ሚዜዎቻቸውን ይዘው በፋሲል ግቢ ሣር ላይ ይቆማሉ፤ ተማሪዎች የተመረቁ ዕለት ከማማው ሥር ይሰለፋሉ፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ከመመለሱ በፊት በጃን ተከል ዋርካ ሥር ወይም በፊት በር አንድ ማስታወሻ ይነሣል። ጥር 11 ቀን ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በተሞላው የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ ካህናቱ ባሕሩን ሲባርኩ፣ ወጣቶች ከቅጥሩ ወደ ውኃው ሲዘሉ ፎቶ አንሺ ሁሉ ይጠመዳል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የፋሲል ግንብ በ50 ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በመላው አገር ኪስ ውስጥ ገባ።

እነዚህ የቤተሰብ ፎቶግራፎች በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ አይታዩም፤ ሊታዩ ግን ይገባቸዋል። ሙሽራዋ ፈገግ ስትል ከትከሻዋ በላይ የሚታየው መስኮት ቅስቱ ገና አልተሰነጠቀም ይሆናል። ልጆቹ የተቀመጡበት ደረጃ ዛሬ የለም ይሆናል። ፎቶ አንሺው ግንቡን ለመመዝገብ ባያስብም መዝግቦታል፤ ያውም ከዓመት ዓመት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ቆሞ። ማንም የውጭ ተልእኮ ይህን ያህል ተደጋጋሚ ምስል አላነሣም። ከእነዚህ አልበሞች ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር ተሰደዋል። ከወለቃና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ጎንደሬዎች የከተማቸውን ግንብ በትንሽ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ላይ ይዘውት ወጥተዋል።

ዛሬ በስልክ ካሜራ ዘመን የምስሉ ብዛት ችግር አይደለም። ችግሩ ሁሉም አንድ ቦታ መሆኑ ነው። በድረ ገጽና በፖስት ካርድ ላይ ከሚታዩት ምስሎች አብዛኞቹ የፋሲልን ግንብ ከፊት ለፊት የሚያሳዩ ናቸው። የበካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ቤቱ፣ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የፋሲል ፈረስ ዞብል ያረፈበት ነው የሚባለው በምሰሶ ላይ የቆመ ቤት፣ የቅጥሩ በሮች፣ የቁስቋም ግድግዳዎች ካሜራ በብዛት አይዞርባቸውም። ጉዛራና ደንቀዝ ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። የፋሲል ግንብ ከተደጋጋሚ ጥገና የተነሣ ቶሎ የሚወድቅ ሕንጻ አይደለም። ለአደጋ የተጋለጡት እነዚያ ጠባቂ ያነሳቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው፣ ድንጋያቸው ለአጥር የሚፈለግ ፍርስራሾች ናቸው። አንድ የጎንደር ልጅ ካሜራውን በፋሲል ግንብ ላይ ለመቶኛ ጊዜ ከማዞር ይልቅ አንድ ቀን በደንቀዝ ቢውል ለታሪክ የበለጠ ይጠቅማል።

ሥራው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ጥቂት እውቀት ግን ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ጥቁሩን ድንጋይ ይበልጥ ታጠቁረዋለች፣ ሰማዩን ታነጣዋለች። ጧት ፀሐይ ወጥታ ብዙ ሳትርቅና ከሰዓት በኋላ ወደ መጥለቂያው ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። በቁስቋም ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተጠረቡት መስቀሎች በእኩለ ቀን ጠፍጣፋ ሆነው ይታያሉ፤ በጎን ብርሃን ግን ከግድግዳው ብቅ ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አቧራው በዝናብ ታጥቦ ስለሚቆይ አየሩ ጥርት ይላል፤ ነገር ግን ሣሩና ቅጠሉ የግድግዳውን ግርጌ ይሸፍናል። መሠረቱን ለማሳየት የበጋው ወራት ይሻላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በክረምት ግድግዳው ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ ራሱ ሊመዘገብ የሚገባው የጉዳት ምልክት ነው። በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ለዓይን እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ድንጋዩን አቅፈው የያዙትም የሚገፉትም እነሱ ናቸውና ሥሩና ስንጥቁ የሚገናኙበትን ቦታ በቅርብ ማንሣት ይገባል።

ማማውን ከሥሩ ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ አቅንቶ የሚያነሣ ሰው ማማው ወደ ኋላ የወደቀ የሚመስል ምስል ያገኛል። ወደ ኋላ ርቆ፣ ቢቻል ከፍ ካለ ቦታ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ የሕንጻውን ትክክለኛ ቁመና ይጠብቃል። ለመዝገብ የሚነሣ ምስል ከሩቅ ጀምሮ ወደ ቅርብ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ ሕንጻው በአካባቢው ውስጥ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ከዚያ በሩ፣ መስኮቱ፣ ስንጥቁ። ስንጥቅ ሲነሣ አጠገቡ የሴንቲ ሜትር ምልክት ያለው ማስመሪያ መያዝ ስፋቱን በሚቀጥለው ዓመት ለማወዳደር ያስችላል። ከሁሉ በላይ ግን የቆሙበትን ቦታ መመዝገብና በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ሰዓት መመለስ ነው። እርስ በርስ የሚደራረቡ ብዙ ምስሎችን ዙሪያውን እየዞሩ ማንሣት ደግሞ በኮምፒውተር የሕንጻውን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ለመሥራት ያገለግላል። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ የአውሮፓ ተቋማት ብቻ የሚችሉት ነበር፤ ዛሬ በጎንደር የሚኖር ተማሪ በስልኩ ሊጀምረው ይችላል።

በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመራል። ለግል ማስታወሻ የሚነሣና ለሥራ የሚቀረጽ ነገር ስለሚለያይ ለፊልምና ለንግድ ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም። በአብያተ ክርስቲያናት የካህናቱን ፈቃድ መጠየቅ፣ ጫማ ማውለቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራን ማሳረፍ የአገሩ ልማድ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ የብልጭታ መብራት መጠቀም ለሥዕሎቹ አይበጅምና በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን መሥራት ይገባል። ግድግዳ ላይ ወጥቶ መነሣት ለሰውም ለድንጋዩም አደጋ ነው፤ በኖራ የተያያዘ የ300 ዓመት ድንጋይ የሰው ክብደት ሲረግጠው ይላቀቃል።

ፋሲል ግቢና ሌሎቹ የጎንደር ግንቦች በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። ከዚያ በፊት ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በዩኔስኮ በኩል የኢትዮጵያን ታሪካዊ ሕንጻዎች ሲያጠና ጎንደርንም አካቶ ነበር። በቅርብ ዓመታትም በግቢው ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዷል። እድሳት ያስፈልጋል፤ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ዝናብ እየጠጣ ይፈርሳልና። ነገር ግን እያንዳንዱ እድሳት ከራሱ በፊት የነበረውን መልክ ይሸፍናል። አዲስ ልስን ከተቀባ በኋላ የድሮው ልስን ቀለም፣ የግንበኛው የእጅ ምልክት፣ የእሳቱ ጥላሸት ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ ከማንኛውም ጥገና በፊት የተነሣ የተሟላ ፎቶግራፍ የጥገናው ቀዳሚ ክፍል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ ተደርጎ መታየት የለበትም። ይህ መዝገብ በከተማዋ ውስጥ፣ ማንም ተማሪ ሊያየው በሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

አሁን ያለው የምስል ሀብት የተበታተነ ነው። የተልእኮዎቹ ሥራ በፓሪስና በሮም ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ስብስብ አለው፤ የተቋሙ መሥራች ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒ ጄራር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን በአንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። የጎንደሬው የራሱ ምስሎች ግን በየቤቱ፣ በቁም ሣጥንና በሻንጣ ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረት እንኳ የላቸውም። በጎንደር ፎቶ ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች የቀሩትን ኔጋቲቮች ከመጣላቸው በፊት ለሚያስቀምጥ ተቋም ያሳዩ። በአልበማቸው ውስጥ ግንቡ የሚታይበት ፎቶ ያላቸው ሁሉ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ፣ ያነሣውንና የተነሡትን የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቀው፣ ቦታውንና ዓመቱን ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉበት፤ ቅጂውንም ወደ ጎንደር ይላኩ።